የሳንባ ቲቢ ሕክምና እየሠራ መሆኑን በራጅ ማወቅ ይቻላል?

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የያዘው ሰው ያለበት ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥያቄ አለው። መጀመሪያ ላይ «በሽታው ምን ያህል ከብዷል?» ይላል፤ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ «ዶክተር፣ ሳንባው ጸድቷል ወይ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚጠየቁት የራጅ ፊልም በእጅ ተይዞ ነው።

በቅርብ ዓመታት እነዚህ ጥያቄዎች የበለጠ ክብደት አግኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የደረት ራጅ በኮምፒውተር ፕሮግራም በማንበብ ቲቢ ሊኖርባቸው የሚችሉትን መለየት እንደሚቻል መክሯል። በ2022 ደግሞ ቀለል ያለ ቲቢ ያለባቸው ልጆች ሕክምና ከ6 ወር ወደ 4 ወር እንዲያጥር መክሯል። ቀላሉን ከከባዱ ለመለየት ከሚያገለግሉት ዋና መሣሪያዎች አንዱ ራጅ ነው። ድሮ «ቲቢ አለ ወይስ የለም» ለማለት ይታይ የነበረው ፎቶ አሁን «ስንት ወር ይታከም» በሚለው ውሳኔ ውስጥም ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ጥሩ እርምጃ ነው። ችግሩ ታማሚዎች ራጅ የማይችለውን ሥራም እንዲሠራላቸው መጠበቃቸው ነው። በ3ኛው ወር ፎቶው ሲጠራ መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ አሉ። ሕክምናቸውን በትክክል ጨርሰው፣ ጠባሳ ስለቀረ ብቻ «አልዳንኩም» ብለው ሁለተኛ ዙር መድኃኒት የሚፈልጉም አሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው። ራጅ የሚያሳየው ባክቴሪያው በሳንባ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ነው። ባክቴሪያው በሕይወት ይኑር ይሙት ግን አያሳይም።

ሐኪሙ ፊልሙ ላይ ምን ይፈልጋል?

ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሚነሳ ራጅ ብዙ ይናገራል። ሐኪሙ በመጀመሪያ በሽታው የሸፈነውን ስፋት ያያል፤ አንድ ጥግ ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም ሳንባዎች ተነክተዋል? ቀጥሎ በሳንባ ዙሪያ ውኃ መቋጠሩን፣ በደረት መሃል ያሉ ንፍፊቶች ማበጣቸውን፣ እንደ ማሽላ ፍሬ የረቀቁ ነጠብጣቦች በመላው ሳንባ መበተናቸውን ይመለከታል። ይህ የመጨረሻው ጀርሙ በደም አማካይነት በሰውነት መሠራጨቱን የሚጠቁም ስለሆነ አስቸኳይ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ግን ካቪቲ ነው። ካቪቲ ማለት በሽታው የሳንባን ሥጋ በልቶ የሚተወው ቀዳዳ ነው። አየር እንደልብ ስለሚያገኝ ባክቴሪያው በውስጡ በፍጥነት ይራባል፤ በአንድ ካቪቲ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ቀዳዳው ከአየር ቧንቧ ጋር ስለሚገናኝ ታማሚው ሲያስል ብዙ ጀርም ያወጣል፤ ለቤተሰቡም የበለጠ ያስተላልፋል። ግድግዳው ወፍራምና ደም በደንብ የማይደርሰው በመሆኑ ደግሞ መድኃኒት በበቂ መጠን ለመግባት ይቸገራል። ሪፖርትዎ ላይ «ካቪቲ» የሚል ቃል ካለ ሐኪምዎ ክትትሉን የሚያጠብቀው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በቁጥር ለማስቀመጥ የተሞከሩ ዘዴዎች አሉ። በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ ግዛት፣ ቲሚካ በምትባል ከተማ ከተደረገ ጥናት የወጣውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተጎዳው የሳንባ ክፍል በመቶኛ ይገመታል፣ ካቪቲ ካለ 40 ይጨመርበታል። ከፍተኛው ውጤት 140 ነው። ሳንባው 60 በመቶ ተጎድቶ ካቪቲ የሌለው ሰው 60 ያገኛል። 30 በመቶ ብቻ ተጎድቶ ካቪቲ ያለው ሰው ግን 70 ያገኛል። በፎቶው ላይ ትንሽ የሚመስለው በሽታ የከበደ ተብሎ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ ማለት ነው። በጥናቱ ከ71 በላይ ያገኙ ታማሚዎች ከ2 ወር ሕክምና በኋላም አክታቸው ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር።

ይህ ስሌት ግን ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለና የመከላከያ አቅማቸው በጣም ለደከመ ሰዎች በደንብ አይሠራም። ካቪቲ የሚፈጠረው ሰውነት ከባክቴሪያው ጋር በሚያደርገው ትግል ነው፤ ትግሉ ሲዳከም ካቪቲውም ላይፈጠር ይችላል። እንዲህ ያለ ታማሚ በሽታው ሰውነቱን አዳርሶም ራጁ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። «ራጁ ምንም የለውም» የሚለው ቃል ለእነዚህ ቤተሰቦች ዋስትና አይደለም።

የልጆች 4 ወር

ራጅ የሕክምናን ርዝመት በመወሰን በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው በልጆች ላይ ነው። በኡጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በሕንድ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ 1,204 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ልጆቹ ቀለል ያለ ቲቢ ያለባቸው ነበሩ፤ ግማሾቹ 4 ወር፣ ግማሾቹ እንደተለመደው 6 ወር ታከሙ። ሕክምናው ያልተሳካላቸው፣ በሽታው ያገረሸባቸው ወይም የሞቱት በሁለቱም ወገን 3 በመቶ ያህል ነበሩ። 2 ወር ሙሉ መድኃኒት እንዲውጥ ልጅን ሲለማመጡ ለሚቆዩ ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

«ቀላል» የሚባለው ግን በግምት አይደለም። ራጁ ላይ በሽታው በአንድ የሳንባ ክፍል ብቻ የተወሰነ መሆን አለበት። ካቪቲ፣ የተሠራጨ ነጠብጣብ ወይም የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ያበጠ ንፍፊት መኖር የለበትም። ልጁ ሁለቱም ሳንባው ከተነካ ወይም ቲቢው ወደ አንጎል ሽፋን ከሄደ የ4 ወሩ ሕክምና አይመለከተውም። ስለዚህ የልጅዎን ሕክምና ሲያስጀምሩ «የልጄ ቲቢ ከቀላሉ ነው ወይስ ከከባዱ? በራጁ ላይ ምን ታየ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። መልሱ 4 ወር ከሆነ መድኃኒት አነሰብን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ለአዋቂዎች ነገሩ እዚህ አልደረሰም። የቀድሞ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ የተነተነና በ2018 የታተመ ሥራ፣ ካቪቲ ያለባቸውና አክታቸው ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ የታየባቸው ታማሚዎች አጠር ባለ ሕክምና ለመዳን እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ቀላል በሽታ ያለባቸው ብዙዎች ደግሞ 4 ወር ሊበቃቸው እንደሚችል ጠቁሟል። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ሪፋፔንቲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የተካተቱበት የ4 ወር ሕክምና ከተለመደው የ6 ወር ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን ልብ ይበሉ፤ ያ ሕክምና ያጠረው መድኃኒቶቹ ስለተቀየሩ ነው። በጤና ጣቢያ የተለመደውን የ6 ወር መድኃኒት (2 ወር አራቱን፣ ቀጥሎ 4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድን) የሚወስድ አዋቂ በ4ኛው ወር ቢያቆም ያን ሕክምና ወሰደ ማለት አይደለም። በአሜሪካ እንዲያውም በተቃራኒው፣ መጀመሪያ ካቪቲ የነበረውና በ2ኛው ወር መጨረሻ የአክታ ካልቸሩ ባክቴሪያ ያበቀለ ታማሚ ሕክምናው ወደ 9 ወር እንዲረዝም መመሪያቸው ይመክራል።

«ሳንባው ጸድቷል ወይ?»

በዚህ ጥያቄ ላይ ከታሪክ የምንማረው አለ። የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ነው። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት መድኃኒቱን የፈተነበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1948 ታተመ። ውጤቱ በዋናነት የተለካው በራጅ ነበር፤ ፊልሞቹን ያነበቡት ሐኪሞች ማን መድኃኒት እንደወሰደ፣ ማን በአልጋ ዕረፍት ብቻ እንደቆየ እንዳያውቁ ተደርጓል። ከ6 ወር በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ታማሚዎች የ28ቱ ፎቶ በጣም ተሻሽሎ ታየ። ካልወሰዱት 52 ታማሚዎች እንዲያ የተሻሻለው የ4ቱ ብቻ ነበር። ፎቶውን ያየ ሁሉ በሽታው ተሸነፈ ሊል ይችላል።

ከ5 ዓመት በኋላ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 32ቱ ሞተው ነበር፤ ካልወሰዱት 52 ሰዎች ደግሞ 35ቱ። ልዩነቱ ያን ያህል ጠቦ ነበር። መድኃኒቱ ለብቻው ስለተሰጠ በብዙዎቹ ባክቴሪያው ተላመደው። ፎቶው እየጠራ ሳለ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒት የማይበግራቸው ሆነው ይራቡ ነበር። ዛሬ አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የምንሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶዬ ጠርቷል ብሎ በ3ኛው ወር የሚያቆም ሰው፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለራሱና ለቤተሰቡ የማምጣት አደጋ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ሕክምናው መሥራቱ በምን ይታወቃል? በሳንባ ቲቢ መልሱ በዋናነት አክታ ነው። በአገራችን መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያ የተገኘበት ታማሚ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር መጨረሻ አክታው በማይክሮስኮፕ ይታያል። በ5ኛው ወር ወይም ከዚያ በኋላ ባክቴሪያ ከታየ ሕክምናው አልሠራም ተብሎ መድኃኒት የተላመደ ስለመሆኑ ይመረመራል። ብዙዎች «ለምን በጂን ኤክስፐርት አይታይልኝም? እሱ ይሻላል አሉኝ» ይላሉ። ጂን ኤክስፐርት በሽታውን ለማግኘት በእርግጥ የተሻለ ነው። ነገር ግን የሞተ ባክቴሪያን ቅሪትም ስለሚያገኝ፣ እየዳነ ባለ ሰው ላይ «ቲቢ አለ» ሊል ይችላል። ለክትትል የማይመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከአክታው ጎን ክብደትም ጥሩ ምስክር ነው፤ የምግብ ፍላጎት ሲመለስ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲጠፋ፣ ሚዛኑ ሲጨምር ነገሩ በጥሩ መንገድ ላይ ነው።

ራጅ ከእነዚህ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚለወጠው። ካቪቲ ለመዘጋት ወራት ሊፈጅ ወይም ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ጠባሳ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይኖራል። አንዳንዴ ደግሞ ሕክምናው እየሠራ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት ፎቶው ይብስበታል፤ ንፍፊት ያብጣል፣ ውኃ ይጨምራል። ይህ በተለይ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በጀመሩ ሰዎች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ መከላከያ አቅማቸው ሲያንሰራራ የሚነሳ ቁጣ ነው። ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ መድኃኒት የሚያስቆም ግን አይደለም።

ከራጅ እጅግ የረቀቁ መሣሪያዎችም ከዚህ ችግር አላመለጡም። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት ታማሚዎችን በፔት ሲቲ ስካን ተከታትሏል፤ ይህ መሣሪያ የአካልን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ቁስሉ አሁንም «ይነድ» እንደሆነ ጭምር ያሳያል። 6 ወር ታክመው ከዳኑት ሰዎች መካከል በአብዛኛዎቹ ሳንባ ውስጥ ገና የሚነድ ቁስል ታይቷል። በዚያ ፎቶ ቢፈረድ ኖሮ ብዙ የዳኑ ሰዎች «ገና ናችሁ» ይባሉ ነበር። ስለዚህ «ሲቲ ስካን ብንነሳ ቁርጡ ይታወቃል» ለሚሉ ቤተሰቦች የምሰጠው መልስ «ገንዘባችሁን ለምግብ አውሉት» የሚል ነው። ሲቲ ስካን የራሱ ቦታ አለው፤ መዳንን ማረጋገጫ ግን አይደለም። ጨረሩም ከአንድ ተራ የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

አክታ መስጠት የማይችሉ ልጆች፣ አክታቸው ከመጀመሪያውም ባክቴሪያ ያልታየበት ታማሚዎችና በሳንባ ዙሪያ ውኃ የቋጠሩ ሰዎች ግን የተለዩ ናቸው። ለእነሱ የአክታ ክትትል ብዙ ስለማይናገር፣ ከክብደትና ከሕመም ምልክት ጋር የራጅ ንጽጽር ሚዛን አለው። እዚህ ላይ የሚጠቅመው አንድ ፎቶ ሳይሆን የድሮውና የአዲሱ ጎን ለጎን መታየት ነው።

ፕሮግራሙ የሚሰጠው ቁጥር

አሁን ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ራጁን ኮምፒውተር አንብቦ ቁጥር ይሰጣል። የዚህ ቴክኖሎጂ ጥቅም እውነተኛ ነው። በተለያዩ አገሮች ሕዝብ ውስጥ በተደረጉ የቲቢ ስርጭት ጥናቶች፣ ቲቢ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንደ ሳል ያለ ምልክት አለብን አላሉም። እነዚህ የሚገኙት በራጅ ነው። ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ፊልሙን የሚያነብ መሣሪያ መኖሩ ብዙ ሰው ያድናል።

ቁጥሩ ግን የሚለው «ይህ ፎቶ የቲቢ ፎቶ ይመስላል» ብቻ ነው። በሽታው ይህን ያህል ከባድ ነው፣ ወይም ይህን ያህል ድነሃል አይልም። የድሮ ጠባሳ ያለው ጤነኛ ሰው ከፍተኛ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። የ2021ዱ ምክርም ፕሮግራሙን ያጸደቀው ለልየታ እንጂ ለሕክምና ክትትል አይደለም። ወረቀቱ ላይ ከፍተኛ ቁጥር ካዩ ቀጣዩ እርምጃ የአክታ ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ የውጭ ዕርዳታዋን ማገድና መቀነስ ስትጀምር የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ አገልግሎት በብዙ አገሮች እንደሚጎዳ አስጠንቅቋል። ገንዘብ ሲያጥር ዓይን የሚስበው አዲሱ መሣሪያ ነው። መምረጥ ግድ ከሆነ ግን የአክታ ላብራቶሪውና የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦቱ መቅደም አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ራጅ የጠቆመውን የሚያረጋግጥ ከሌለ የሚጠቁመው ብቻውን ሰው አያድንም።

ጠባሳውና ጉዞው

አንድ የዳነ ሰው ራጅ ለሁለት አገር ሁለት ፍርድ ሊያመጣ ይችላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች የሚመረመሩበት የጋራ ደንብ፣ ታክሞ የዳነ ቲቢ የተወውን ጠባሳ ጭምር ብቁ የማያሰኝ ምክንያት አድርጎ ይቆጥራል። ወደ አሜሪካ ለመኖር የሚሄድ ሰው ላይ ተመሳሳይ ጠባሳ ከታየ ግን ሦስት ጊዜ አክታ ይሰጣል፤ አክታው በማይክሮስኮፕም በካልቸርም ይመረመራል። የካልቸሩ ውጤት እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ባክቴሪያ ካልተገኘ ጉዞው ይፈቀዳል፣ ከደረሰም በኋላ ክትትል ይደረግለታል።

በሕክምና ዓይን ትክክለኛው ሁለተኛው አካሄድ ነው፤ ጥያቄውን ሊመልስ ለሚችለው ምርመራ ይጠይቃልና። የመጀመሪያው ደንብ በእኔ ግምት የዳኑ ሰዎችን ይበድላል፤ ያም ሆኖ ደንብ ነው። ቤት ሸጠው፣ ተበድረው ለጉዞ የተዘጋጁ ወጣቶች በዚህ ምክንያት ሲወድቁ «ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒት ስጡን» ይላሉ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም። የቲቢ መድኃኒት ደግሞ መውሰድ ባክቴሪያ የሌለበትን ጠባሳ አይፍቀውም፤ ጉበትን ግን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ቀደም ቲቢ የነበረበት ሰው ለኤጀንሲ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ራጅ ተነስቶ ሳንባው ላይ ምን እንደቀረ ቢያውቅ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

የትኛው ራጅ ይከፈልበት?

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒትና የአክታ ምርመራ በነጻ ነው። ለራጅ ግን ብዙ ቤተሰብ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ በየወሩ መነሳት አያስፈልግም። ከሕክምና በፊት የሚነሳው የግድ ነው። በ2ኛው ወር አክታው ካልጠራ ወይም ታማሚው ካልተሻለው ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። የብሔራዊ ክትትሉ ዋና መለኪያ ባይሆንም፣ ሕክምናው ሲያልቅ አንድ ራጅ መነሳትን እኔ እመክራለሁ። ከዓመታት በኋላ ሳል ሲመጣ ያ ጠባሳ አዲስ ነው ወይስ የድሮ የሚለውን የሚፈታው ያ ፊልም ነው። ፊልሙንና ሪፖርቱን ከሕክምና ካርዱ ጋር ያስቀምጡ፤ በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝም ይረዳል።

ከዳኑ በኋላ የሚቀር የትንፋሽ ማጠርና ሳል ሁሉ ቲቢው ተመለሰ ማለት አይደለም። የተጎዳ ሳንባ ለተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ ክፍት በቀረ ካቪቲ ውስጥም ሻጋታ ሊያድግና ደም ሊያስል ይችላል። ሐኪሙ አክታ መርምሮ ባክቴሪያ ከሌለ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

በሕክምና ላይ ያለም ሆነ የጨረሰ ሰው ድንገት ደረቱን ወግቶት ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ደም ካሳለው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። አየር ከሳንባ አፈትልኮ ደረት ውስጥ መከማቸቱን ራጅ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፤ ያን ጊዜ ፎቶው ሕይወት ያድናል። ሲሄዱ የድሮ ፊልሞቹንም ይዘው ይሂዱ።